ፌስቲኔት፦ ድግስ ነው ወይስ ጥድፊያ?

የተላከልን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦

«የሼክስፒርን ኪንግ ሊር በእንግሊዝኛው እያነበብኩ ነው። ሦስተኛው ገቢር ላይ ‹ፌስቲኔት ፕሪፓሬሽን› የሚል ሐረግ አጋጠመኝ። ፌስቲቫል ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል የድግስ ዝግጅት መሰለኝ። ግን ቦታው ላይ ጦር እየመጣ ነው፤ ድግስ የሚባል ነገር የለም። ነርስ የሆነችውን እህቴን ብጠይቃት ደግሞ ‹ይሄማ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች አረማመድ ነው› አለችኝ። ጭራሽ ግራ ገባኝ። ቃሉ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ዛሬ እንግሊዝኛ ስጽፍ ብጠቀምበትስ ያስኬዳል?»

መጀመሪያ ባጭሩ ልመልስ። ፌስቲኔት ማለት «የተጣደፈ፣ በጥድፊያ የሚደረግ» ማለት ነው። ከላቲን የመጣ ቅጽል ነው። ከፌስቲቫል ጋር መልካቸው ይመሳሰላል እንጂ ዝምድና የላቸውም። እህትዎ ያሉትም ልክ ነው፤ ቃሉ ከተራው ሰው አፍ ከጠፋ በኋላ ሕክምና ውስጥ ተጠልሎ ቀርቷል። ስለዚህ የሼክስፒሩ ሐረግ «አስቸኳይ ዝግጅት» ነው፤ ያውም የጦርነት።

አሁን ዘርዘር እናድርገው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ላቲን ውስጥ «ፌስቲናሬ» የሚል ግስ አለ፤ መቸኮል፣ መጣደፍ ነው። ከሱ «ፌስቲናቱስ» ይወጣል፤ «የተጣደፈ» እንደ ማለት። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዘመን የነበሩ እንግሊዛውያን ምሁራን እንዲህ ያለ የላቲን ቃል ሲያገኙ መጨረሻውን «-አቱስ» ቆርጠው «-ኤት» ይቀጥሉበት ነበር። በቃ፣ ቃሉ እንግሊዝኛ ሆነ። ተስፋ የቆረጠውን ዴስፐሬት፣ ዕድለኛውን ፎርቹኔት፣ ልከኛውን ሞደሬት የሚሉት ቃላት በዚሁ በር የገቡ ናቸው። ፌስቲኔትም አብሯቸው ገባ። እነሱ ቀሩ፣ እሱ ሄደ።

አነባበቡንም ከነሱ መገመት ይቻላል። ሞደሬት ቅጽል ሲሆን መጨረሻው ለስለስ ብሎ «ሞደሪት» ይባላል፤ ግስ ሲሆን «ሞደሬይት»። ፌስቲኔትም ቅጽል ሲሆን ወደ «ፌስቲኒት» ይጠጋል፤ ጠበቅ ተደርጎ የሚነገረው የመጀመሪያው ክፍል ነው። እኔ ግን ለዓይን እንዲመች ፌስቲኔት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ፌስቲቫል የሌላ ቤት ልጅ ነው። አባቱ «ፌስቱስ» የሚለው የላቲን ቅጽል ነው፤ የበዓል፣ የደስታ ማለት። የእንግሊዝኛው ፊስት፣ የስፔኖቹ ፊየስታ ከዚህ ይወለዳሉ። ቃሉ የሰው ስምም ነበር። የሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስን የመረመረውና «ጳውሎስ ሆይ፥ አብደሃል» ያለው አገረ ገዢ ፊስጦስ፣ ስሙ ይኸው ነው። የፌስቲናሬ የቅርብ ዘመድ ግን «ኮንፌስቲም» ነው፤ «ወዲያውኑ» ማለት። ከዚያ በታች ሥሩ የት እንደሚደርስ የቋንቋ ታሪክ ሊቃውንት ይከራከራሉ። ከበዓሉ ቤት ግን አብዛኞቹ ለይተው ነው የሚያስቀምጡት።

እንግሊዝ አገር ላቲን የሚችል ሰው ይህን ግስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም ነበር። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ፣ ማለትም የጄሮም ትርጉም፣ በሱ የተሞላ ነው። ዘፍጥረት 45፥9 ላይ ዮሴፍ ወንድሞቹን «ፈጥናችሁ ወደ አባቴ ውጡ» ሲላቸው ላቲኑ «ፌስቲናቴ» ይላል። ትእዛዝ ነው፤ «ቸኩሉ» እንደ ማለት። በአጻጻፍ ከእንግሊዝኛው ቅጽል ጋር አንድ ናቸው፣ ዘጠኙም ፊደላት። ዘኬዎስ ከሾላው ዛፍ ላይ «ፈጥነህ ውረድ» ሲባልም ይኸው ግስ ነው። ፋሲካን «እየቸኮላችሁ ትበሉታላችሁ» በሚለውም ላይ አለ። መዝሙር 69 (በብዙዎቹ የፕሮቴስታንት መጻሕፍት 70) «እኔን ለመርዳት ፍጠን» ብሎ ይጀምራል። ይህችን ጥቅስ የምዕራቡ መነኮሳት በየሰዓቱ ጸሎታቸው መክፈቻ ላይ ይሏት ነበር። ስለዚህ «ፌስቲና» የሚለው ድምፅ በየቀኑ፣ ያውም ደጋግሞ፣ ጆሯቸው ውስጥ ነበር።

ግሱ ሁልጊዜ መልካም ነገር አያወራም። ምሳሌ 28፥20 ላይ ባለጠጋ ለመሆን የሚቸኩል ሳይቀጣ እንደማይቀር ሲነገር ያው ፌስቲናሬ ነው። አማርኛም ላይ ያለ ነገር ነው። «ፈጠን በል» ምክር ነው፣ «ቸኮልክ» ግን ወቀሳ ነው። ላቲኑ ሁለቱንም በአንድ ግስ ተሸክሞ ነበር። ሮማውያን ራሳቸው ታዲያ ይህ ነገር ያሳስባቸው ነበር።

ለኔ ከነገሩ ሁሉ የሚጥመኝ እዚህ ጋ ያለው ክርክር ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን አውሉስ ጌሊዩስ የሚባል ጸሐፊ «የአቴና ሌሊቶች» በሚል ርዕስ ያነበበውንና የሰማውን እየቃረመ ጽፏል። አንደኛው ምዕራፍ ስለ ሁለት ግሶች ነው፦ «ፕሮፔራሬ» እና «ፌስቲናሬ»። ሰዎች እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል፣ ይላል። ከዚያ የጥንቱን ካቶን ይጠራል። ካቶን በ149 ዓመተ ዓለም የሞተ የሮማ ፖለቲከኛ ነው፤ በደረቅነቱ የታወቀ ሽማግሌ። የካቶን ልዩነት እንዲህ ነው። አንዱን ሥራ ይዞ በጊዜው የሚጨርስ ሰው «ፕሮፔራት»። ብዙ ነገር ባንዴ ጀምሮ አንዱንም የማይጨርስ ሰው «ፌስቲናት»።

አማርኛችን ይህን ልዩነት ያውቀዋል። የመጀመሪያው ሰው ቀልጣፋ ነው። ሁለተኛው ይዋከባል። ቀልጣፋው ወጡን አውጥቶ፣ ዕቃውን አጥቦ ቁጭ ሲል፣ የሚዋከበው ሽንኩርቱ እያረረ ስልክ ያነሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለሁለተኛው ነው። ካቶን ይህን ምሳሌ ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

እዚያው ምዕራፍ ላይ አንድ አስቂኝ ነገር አለ። የአውግስጦስን የልጅ ልጆች ያስተማረው ቬሪዩስ ፍላኩስ የሚባል ሊቅ ለፌስቲናሬ መነሻ ፈልጎለት ነበር። «ፋሪ» ከሚለው ግስ ነው የመጣው አለ፤ መናገር ማለት ነው። ምክንያቱ? ሥራ የማይጨርሱ ሰዎች ከሚሠሩት ይልቅ የሚያወሩት ስለሚበዛ። ጌሊዩስ አልተቀበለውም፤ ተጎትቶ የመጣ ነገር ነው ብሎ አለፈው። ዛሬም የሚቀበለው የለም። ትዝብቱ ግን ልክ ነው፤ የትኛውም መሥሪያ ቤት ገብቶ ማየት ነው።

እውነቱን ለመናገር የሮማ ጸሐፊዎች በሙሉ የካቶንን ልዩነት አልጠበቁም። ብዙዎቹ ሁለቱን ግሶች እያቀያየሩ ተጠቅመዋል። ሆኖም ፌስቲናሬ ላይ የመዋከብ ጥላ እንዳለበት ቀረ።

ይህን ጥላ ዝነኛ ያደረገው አውግስጦስ ቄሳር ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ስዌቶኒዩስ እንደሚነግረን ለአንድ አዋጊ ከችኮላና ከጭፍን ድፍረት የባሰ የማይገባ ነገር የለም ብሎ ያምን ነበር። እዚያ ላይ ችኮላን «ፌስቲናቲዮ» ይለዋል፤ የኛው ቃል ስም ሲሆን። አውግስጦስ የሚያዘወትረው አባባል ደግሞ «ቀስ ብለህ ቸኩል» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ይህን በላቲኑ «ፌስቲና ሌንቴ» ብሎ ያውቀዋል። ስዌቶኒዩስ የጻፈው ግን በግሪክኛ ነው፦ «ስፔውዴ ብራዴዎስ»። የዘመኑ የሮማ ጨዋ ሰው ግሪክኛ ጣል ማድረግ ይወድ ነበር፤ ዛሬ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ እንግሊዝኛ ጣል እንደሚደረገው። ላቲኑ ኋላ የተተረጎመ ነው።

ከ1,500 ዓመታት በኋላ አባባሉ እንደ አዲስ ነፍስ ዘራ። ቬኒስ ውስጥ አልዱስ ማኑቲዩስ የሚባል አታሚ ነበር። ከ1502 ጀምሮ መጻሕፍቱ ላይ የሚያሳርፈው ምልክት መልሕቅ ላይ የተጠመጠመ ዶልፊን ነው። ዶልፊኑ ፍጥነት፣ መልሕቁ እርጋታ። ምልክቱን ያገኘው ከጥንት የሮማ የብር ሳንቲም ላይ ነው። ኤራስመስ የሚባለው ታላቅ ምሁር በ1508 እዚያው አልዱስ ቤት ባሳተመው የአባባሎች መድበል ውስጥ ስለዚች ሁለት ቃል ረጅም ሐተታ ጻፈባት። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ያልሰማት የተማረ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የሚኖሩ አንባቢዎች ስሟን ከሱቅ መስኮት ሊያውቁት ይችላሉ፤ የፌስቲና ሰዓት ከዚያች ትእዛዝ ነው ስሙን ያገኘው። መነሻው ስዊዘርላንድ ነው፣ ዛሬ ግን የስፔን ኩባንያ ነው። ብስክሌት የሚከታተሉ ሰዎች ደግሞ ስሙን የሚያስታውሱት በ1998 ቱር ደ ፍራንስ ላይ በአበረታች መድኃኒት ምክንያት ከውድድር በተባረረው ቡድን ይሆናል። ቀስ ብለው ቢቸኩሉ ይሻላቸው ነበር።

አሁን እንግሊዝ እንግባ። በ1531 ሰር ቶማስ ኤልዮት «ገዢው» በሚል ርዕስ የመኳንንት ልጆች እንዴት መማር እንዳለባቸው የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። የአውግስጦስን አባባል አንሥቶ ማብራራት ፈለገ። በመቸኮልና በመዘግየት መሃል ያለውን፣ ነገሩ በልኩና በጊዜው የሚሆንበትን ጠባይ ምን ብሎ ይጥራው? እንግሊዝኛ ቃል አጣለት። ስለዚህ ከላቲን አንድ ቃል ለመንጠቅ ተገድጃለሁ ብሎ በግልጽ ጻፈ፦ «ማቹሪቲ»። ቃሉ ለጊዜው እንግዳና ጨለማ ቢሆንም ሲለመድ እንደሌሎቹ ከጣልያንና ከፈረንሳይ እንደመጡት ይቀላል አለ። የተናገረው ደረሰ። ዛሬ ማቹሪቲን የማያውቅ የእንግሊዝኛ ተማሪ የለም፤ ትርጉሙ ግን ከጊዜ ልክነት ወደ ብስለት ዞሯል።

ኤልዮት ይህን ሐሳብ ያገኘው ከራሱ አይደለም። ጌሊዩስ ሌላ ምዕራፍ ላይ «ማቱሬ» የሚለው የላቲን ቃል «ቶሎም ሳይሆን ዘግይቶም ሳይሆን፣ በልኩ» ማለት እንደሆነ ይናገራል፤ የአውግስጦስንም አባባል እዚያው ይጠቅሳል። ስለዚህ ማቹሪቲና ፌስቲኔት እንግሊዝኛ ውስጥ የገቡት ከአንድ ክርክር በሁለት ጫፍ ነው ማለት ይቻላል። የልኩ ቃል ኖረ፤ የጥድፊያው ቃል ሞተ።

ለምን ሞተ? እዚህ ላይ ያነበቡት ቦታ ራሱ ይመልስልናል። ትዕይንቱን ያስታውሱ። የፈረንሳይ ጦር እንግሊዝ ምድር ላይ ወርዷል። የኮርንዎል መስፍን ግሎስተር የሚባለው ባላባት እንደከዳው ሰምቶ በንዴት ነዷል። የሚስቱን እህት ጎኔሪልን ወደ ባሏ፣ ወደ አልባኒ መስፍን ሊሸኛት ነው። የግሎስተርን ልጅ ኤድመንድን አብሯት እንዲሄድ ያዘዋል፤ አባትህ ላይ የምናደርሰውን ለማየት አይሆንልህም ይለዋል። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። በአማርኛ ስመልሳት እንዲህ ነው፦ «የምትሄድበትን መስፍን አፋጣኝ ዝግጅት እንዲያደርግ ምከረው፤ እኛም ያንኑ እናደርጋለን።»

አሁን ዙሪያዋን ይዩ። ኮርንዎል ትዕይንቱን ሲከፍት ጎኔሪልን «ስፒዲሊ» ሂጂ ይላታል። ከፌስቲኔት ቀጥሎ ባለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ መልእክተኞቻችን «ስዊፍት» ይሆናሉ ይላል። ሦስት የፍጥነት ቃላት፣ በጥቂት መስመር ውስጥ፣ ከአንድ ሰው አፍ። ስፒዲና ስዊፍት አገር በቀል የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ሄስቲም ከፈረንሳይኛ ገብቶ ቤተኛ ከሆነ ቆይቷል። ለአራተኛ ቃል ቦታው ጠባብ ነበር።

ታዲያ ሼክስፒር ለምን አስገባው? እኔ የማነበው እንደዚህ ነው። ኮርንዎል ለዘመዱ ሲናገር ተራ ቃል ይጠቀማል። ወደ ሌላ መስፍን የሚሄድ መልእክት ሲያዝ ግን ቋንቋው የቢሮ ይሆናል። «ቶሎ በል» እና «አፋጣኝ እርምጃ ይወሰድ» አንድ ነገር ሆነው አንድ አይደሉም። ለዚህ ነው ከላይ ስተረጉም «የተጣደፈ» ትቼ «አፋጣኝ» ያልኩት። ከዚያ ሰውየው ምን ያደርጋል? ያለ ፍርድ ሥርዓት ሞት መፍረድ እንደማይችል በአፉ እያመነ የግሎስተርን ዓይን በእጁ ያወጣል፤ በዚያው ግርግር አገልጋዩ ያቆስለዋል፣ ይሞታል። ስለ ዝግጅት ያወራ ሰው ለምንም ሳይዘጋጅ ቀረ። ካቶን «ፌስቲናት» ይለው ነበር።

አሁን ስለ ስሕተትዎ። ፌስቲኔትን ከፌስቲቫል ጋር በማምታታት ብቻዎን አይደሉም፤ የሼክስፒር አታሚዎችም ቃሉን በትክክል አላወጡትም። ተውኔቱ መጀመሪያ በ1608 ሲታተም ቃሉ «ፌስቱዋንት» የሚመስል ነገር ሆኖ ወጣ፤ እንዲህ የሚባል ቃል የለም። በ1623 የሼክስፒር ሥራዎች በአንድ ጥራዝ ሲታተሙ ደግሞ «ኤን» በሚለው ፊደል ቦታ «ዩ» ገባ። ሁለቱ ፊደላት አንዱ ተገልብጦ ሌላውን ይመስላል፤ የእርሳስ ፊደል በእጅ እየለቀሙ ለሚደረድሩ ሰዎች የተለመደ ስሕተት ነበር። የሚገርመው፣ በዚያ ዘመን ኅትመት ቃል መሃል ላይ «ዩ» ለ«ቪ»ም ያገለግል ነበር። ስለዚህ የ1623ቱ አንባቢ ቃሉን «ፌስቲቬት» ብሎ ማንበብ ይችል ነበር። ያው፣ የድግስ ነገር! ትክክለኛው ፊደል የገባው በ1632 ሁለተኛው እትም ላይ ነው። ቤተኛ ቃል ቢሆን ኖሮ ፊደል ለቃሚው ሳያስብ በልማድ ያስተካክለው ነበር።

ሼክስፒር ራሱ ቃሉ ከበድ እንደሚል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬ ቀደም ያለ ኮሜዲው ነው፤ በ1598 የታተመው «ላቭስ ሌበርስ ሎስት»። እዚያ ዶን አርማዶ የሚባል ስፔናዊ ጉረኛ አለ። ተራ ነገር በተራ ቃል መናገር አይሆንለትም። ትንሹን አሽከሩን ሞዝን አንድ ገበሬ ከእስር ፈትቶ እንዲያመጣለት ሲልከው «ፌስቲኔትሊ» አምጣው ይለዋል። ቶሎ አምጣው ማለቱ ነው። ተመልካች እንዲስቅበት ነው ቃሉ አፉ ውስጥ የገባው። ትንሽ ቆይቶ መንገዱ አጭር ነው፣ ሂድ ሲለው ልጁ «እንደ እርሳስ ፈጥኜ» ይላል። እርሳስ? እርሳስ ከባድና ዝግተኛ አይደለም እንዴ? ብሎ ጌታው ይደናገራል። አንድ ቃል አስቀድሞ የጉረኛ መለያ ከሆነ ከዚያ ወዲያ ከባድ ነው።

የዘመኑ እንግሊዛውያን እንዲህ ያሉትን ቃላት «የቀለም ቀንድ ቃላት» ይሏቸው ነበር። ቀለም በቀንድ ነበር የሚያዘው፤ ብዙ ቀለም የሚጨርሱ ረጃጅም ቃላት ለማለት ነው። ሰር ጆን ቺክ በ1557 ቋንቋችን ከሌላ ቋንቋ ብድር ሳይቀላቀል ንጹሕ ሆኖ ይጻፍ ብሎ ተከራክሯል። ቶማስ ዊልሰን ደግሞ በ1553 ባሳተመው የንግግር ጥበብ መጽሐፉ ውስጥ በላቲን ቃላት የታጨቀች የሹፈት ደብዳቤ አስገባ። ደብዳቤዋን ዛሬ ስናነብ ግማሹ ሹፈት ከሽፏል። የቀለደባቸው ሴሌብሬት፣ ካፓሲቲና ዴክስቴሪቲ ዛሬ የዕለት ተዕለት ቃላት ናቸው። «ኢንጀንት» (ግዙፍ) ግን ጠፍታለች። ማን እንደሚኖር ማን እንደሚሞት ተቺው ሊያውቅ አይችልም። በኔ ግምት የሚያኖረው ሥራ ነው። ካፓሲቲ የራሱ ሥራ ነበረው። ማቹሪቲም እንዲሁ፤ ኤልዮት ቃል ያጣለት ነገር ነበር። ፌስቲኔት ግን ሄስቲ ከሚለው የተለየ የሚሠራው ነገር አልነበረውም። ቀስ በቀስ የመዝገበ ቃላት ቅርስ ሆነ።

ሥራ ያገኘው ሕክምና ውስጥ ነው። በ1817 ለንደን ውስጥ፣ ሆክስተን የሚባል ሠፈር ይሠራ የነበረ ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል ሐኪም ስለ መንቀጥቀጥ በሽታ አነስ ያለች መጽሐፍ አወጣ። የገለጻቸው ሕመምተኞች ስድስት ናቸው። አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ነው። ስለ በሽታው በሰጠው ትርጉም ውስጥ ሰውነት ወደ ፊት ማዘንበሉንና ታማሚው ከእርምጃ ወደ ሩጫ የመግባት ዝንባሌ እንዳለው ጻፈ። ከሱ በፊት ሶቫዥ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እንዲህ ያለውን አረማመድ «ስኬሎቲርቤ ፌስቲናንስ» ብሎት ነበር፤ «የሚቸኩል የእግር ሁከት» እንደ ማለት። ፓርኪንሰንም ይህን ስም ይጠቅሰዋል። ዛሬ ሐኪሞች «ፌስቲኔሽን» ወይም «ፌስቲኔቲንግ ጌይት» የሚሉት ከዚህ የላቲን ቤተሰብ ነው።

አረማመዱን ያየ ሰው አይረሳውም። ሰውየው ጎንበስ ብሏል። የሰውነቱ ክብደት ከእግሩ ቀድሞ ወደ ፊት ያዘነብላል። እንዳይወድቅ እግሮቹ ክብደቱን ሊደርሱበት ይሞክራሉ፤ እርምጃው እያጠረ፣ እየፈጠነ ይሄዳል። ማቆም ያቅተዋል። ንግግር ላይም የሚታይ ነው፤ ቃላት እየተጣደፉ አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረባሉ። እዚህ ላይ ተራው «ሄስቲ» አይበቃም። ሄስቲ የሰው ጠባይ ነው፣ ፈቃድ አለበት። ይሄኛው ሰውየው ሳይፈልገው የሚመጣ ጥድፊያ ነው። ለዚህ የተለየ ቃል ያስፈልግ ነበር፣ የላቲኑም ቤተሰብ ሥራ አገኘ። አሜሪካም ሆነ አውሮፓ ሆስፒታል ውስጥ ለወላጆቻቸው የሚያስተረጉሙ ልጆች ይህን ቃል ሐኪሙ ማስታወሻ ላይ ሊያገኙት ይችላሉ። «አባባ እየቸኮሉ ይሄዳሉ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ ሽማግሌው «እኔ መቼ ቸኮልኩ?» ቢሉ እውነታቸውን ነው። «ሳይፈልጉ እግራቸው እየፈጠነ ይወስዳቸዋል» ቢባል ይሻላል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ ቀላሉ ነው። ይጠቀሙበት? አይጠቀሙበት። የሥራ ማመልከቻ፣ የፈተና ድርሰት፣ ኢሜይል ላይ ፌስቲኔት ቢጽፉ አብዛኛው አንባቢ የፊደል ስሕተት ይመስለዋል፤ ቃሉን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ደግሞ ዶን አርማዶ ትዝ ይለዋል። ነገሩ በፍጥነት መሠራቱን ማመስገን ከፈለጉ ፕሮምፕት ወይም ስዊፍት ይበሉ። ሳይታሰብበት መሠራቱን ለመውቀስ ሄስቲ አለ። ጊዜ አጥሮ በጥድፊያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ኸሪድ ወይም ረሽድ ይበቃል። ሄስቲን ግን ለምስጋና እንዳይጠቀሙበት፤ «ለሄስቲ ምላሽዎ አመሰግናለሁ» ብለው ቢጽፉ ሰውየውን ሳያስቡ መለሱ እንዳሏቸው ይቆጠራል።

ኪንግ ሊርን ማንበብዎን ከቀጠሉ እዚያው አጠገብ ሌላ ወጥመድ አለልዎት። መልእክተኞቻችን «ስዊፍትና ኢንተሊጀንት» ይሆናሉ ሲል ኮርንዎል ብልሆች ናቸው ማለቱ አይደለም፤ ወሬ የሚያቀብሉ፣ መረጃ የሚያመላልሱ ማለቱ ነው። የስለላ ድርጅቶች ስም ላይ ያለው «ኢንተሊጀንስ» ከዚያው ትርጉም የቀረ ነው።